የድሬዳዋ ባቡር ትዝታ በአል ቱማማ

በኳታር ርእሰ ከተማ በዶሃ ደቡባዊ ክፍል፣ ከሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውን የአል ቱማማ ሠፈር ዓለም ያወቀው በስታዲየሙ ነው። የዐረብ ወንዶች ከራስ መጠምጠሚያቸው ሥር የሚያጠልቁትን ‹ጋሕፊያ› የተባለ ቆብ አስመስሎ ኳታራዊው አርክቴክት ኢብራሂም አል ጃይዳ የነደፈው ይህ ስታዲየም የተመረቀው ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን ሞሮኮ ፖርቱጋልን 1 ለ 0 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የበቃች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር የሆነችው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ስታዲየሙ አጠገቡ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ስለሌለው በዓለም ዋንጫው ሰሞን ተመልካቹ ከቀዩ መስመር ‹ፍሪ ዞን› ከተባለው ጣቢያ እየወረደ በአውቶቡስ ወደ ሜዳው ይጓጓዝ ነበር።

በዚህ ሠፈር የሚኖር አንድ የድሬዳዋ ልጅ ወዳጅ አለኝ። አባቱ በድሬዳዋው የምድር ባቡር የጥገና ጋራዥ ውስጥ በቶርኖ ሙያ ጡረታ እስኪወጡ ያገለገሉ ሰው ናቸው። ይህ ወዳጄ የሥራ ፈቃድ ቀኑ በሆነው ዓርብ፣ ጓደኞቹ ወደ ገበያና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲሄዱ፣ እሱ አውቶቡስ ይሳፈርና ወደ ጣቢያው ይወርዳል። ከዚያ ባቡር ይሳፈራል። የሚደርስበት ቦታ፣ የሚጠብቀው ሰው የለውም፤ ከመስመሩ ጫፍ ይደርስና ይመለሳል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፤ አሁን ለምደውታል።

የዶሃ ሜትሮ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ባቡሮቹ ጃፓን ሠራሽ ሲሆኑ ሾፌር የላቸውም፤ ከማዕከል በሚላክ ትእዛዝ ይነሣሉ፣ ይቆማሉ፣ በራቸውንም ይከፍታሉ። ወዳጄን የገረመው ግን የሾፌሩ አለመኖር ብቻ አይደለም። ባቡሩ ድምፅ የለውም። በድሬዳዋ ያደገ ሰው ባቡር ማለት በጆሮ የሚታወቅ ነገር ነው። የድሮው ሃዲድ ቁራጭ ብረት ከቁራጭ ብረት በብሎን እየተያያዘ የተዘረጋ፣ ብረቱ በቀን ሐሩር ሲለጠጥ እንዳይጣመምም በየመጋጠሚያው ጥቂት ክፍተት የሚተውለት ነበር። መንኮራኩሩ በዚያ ክፍተት ላይ ባለፈ ቁጥር ይንኳኳል። የፍጥነቱን ልክ በንኳኳታው ብዛት የሚያውቁ ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ ሃዲዶች እየተበየዱ ስለሚያያዙ ያ ንኳኳታ ጠፍቷል። ወዳጄ በየሳምንቱ ፍለጋ የሚወጣው፣ እኔ እንደገባኝ፣ እሱን ድምፅ ነው፤ እንደማያገኘውም አሳምሮ ያውቃል።

እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም። አሮጌ ባቡርና አሮጌ አውቶቡስ የሚወዱ፣ ለዚያም ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ሞልተዋል። የምድር ውስጥ ባቡር መነሻ የሆነችው ለንደን ለዚህ ዋነኛዋ ምሳሌ ናት። ሜትሮፖሊታን የተሰኘው መስመር እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1863 ሲከፈት በዋሻው ውስጥ የሚሄደው በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ነበር፤ መንገደኛው ከሰል እያጨሰው ይጓዝ ነበር ማለት ነው። መስመሩ 150ኛ ዓመቱን ሲያከብር እ.ኤ.አ. በ2013 በ1898 የተሠራ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ታድሶ በዚያው ዋሻ ውስጥ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ1938 ለለንደን የምድር ውስጥ መስመር ከተሠሩት ባቡሮች መካከል ጥቂቶቹ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት ላይ እስከ 2021 መባቻ ድረስ መደበኛ መንገደኛ ሲያመላልሱ ቆይተዋል። ከእነዚያው አንዱን ደግሞ የለንደን የትራንስፖርት ሙዚየም ጠብቆ ይዞ፣ በተወሰኑ ቀናት ለወዳጆቹ ያንቀሳቅሰዋል።

አውቶቡሱም ወዳጅ አለው። ‹ሩትማስተር› የተባለው ከኋላው ክፍት የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለንደንን አገልግሎ በ2005 ከመደበኛ ሥራ ተሰናበተ። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በነሐሴ አንድ ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር ለልምምድ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ነዋሪዎቿን ወዳስወጣባት ኢምበር የምትባል ባዶ መንደር፣ እነዚህ ያረጁ አውቶቡሶች ተሰልፈው መንገደኛ ያመላልሳሉ። ሰው ወደማይኖርበት መንደር በአሮጌ አውቶቡስ ለመሄድ ሕዝብ ይሰለፋል። ነገሩን ላላየው ሰው የዕብደት ያህል ነው፤ የአንበሳ አውቶቡስ ሰልፍ ትዝታ ላለው አዲስ አበቤ ግን ሰልፉ ራሱ ከጉዞው አይተናነስም።

ኳታር በበኩሏ የቀድሞ መኪናዎችን የምትወድ አገር ናት። ከዶሃ በስተምዕራብ በአል ሸሃኒያ አካባቢ የሚገኘው የሼኽ ፈይሰል ቢን ቃሲም አል ሣኒ ሙዚየም ከያዛቸው ስብስቦች መካከል የጎብኚውን ዐይን ቀድመው የሚስቡት አሮጌ ተሽከርካሪዎቹ ናቸው። አሮጌ ባቡር ግን አገሪቱ ከወዴት ታመጣለች? በምድሯ ላይ ከዚህ በፊት ሃዲድ ተዘርግቶ አያውቅምና። የወዳጄ የዓርብ ጉዞ እኔን ወደ አንድ ጥያቄ የመራኝ እዚህ ላይ ነው። ባለጸጋዋ አገር በገንዘቧ ልትገዛው የማትችለውን የመቶ ዓመት የባቡር ታሪክ እኛ በእጃችን ይዘናል፤ እንዴት ይዘነዋል?

ታሪኩ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍነም የሥራው ተባባሪ ሆነ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣና በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ ሐረር ከተማ እንዲገባ ነበር። ተራራው ግን ገንዘብ የሚበላ ሆነ፤ ኩባንያው ሐረርን ትቶ በቆላው መሄድን መረጠ። በዚያ ሜዳ ላይ ‹አዲስ ሐረር› ተብላ የተቆረቆረችው ጣቢያ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። አንድ ከተማ እንዲህ ባለ የሒሳብ ስሌት ሲወለድ እምብዛም አይታይም።

የመጀመሪያው ኩባንያ በዕዳ ተዘፍቆ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተካና ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ሃዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው ሦስት ቀን ይፈጅበት፣ በድሬዳዋና በአዋሽም ያድር ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የ‹ቡፌ› ሆቴል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አሁን ከለገሀር ፊት ለፊት የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ባቡሩ ያመጣልን ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ ቃልም አምጥቷል። ‹ለገሀር› የምንለው ሠፈር ስሙ ከፈረንሳይኛው ‹ላ ጋር› ማለትም ‹ጣቢያው› ከሚለው የተገኘ ነው። ‹ፉርጎ› ፈረንሳይኛ ነው። አውቶቡስ የምንጠብቅበት ‹ፌርማታ› ደግሞ ከጣልያንኛ መጣ። ‹ባቡር› የሚለው ቃል ራሱ እህል ለሚፈጨው ሞተርም ያገለግል ስለነበር፣ የሃዲዱን ለመለየት ‹ምድር ባቡር› ተባለ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ የድሬዳዋ ሠራተኛ የመፍቻውን፣ የፍሬኑን፣ የእንፋሎት ማብሰያውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራ፣ ከባልደረባው ጋር በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይቀልድ፣ ደመወዙን በአማርኛ ይቆጥር ነበር። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም፣ ሕንዱም በከዚራ ጥላ ሥር ከዚሁ ባቡር ጋር ኖረዋል።

መስመሩ የአገሪቱን ታላላቅ ቀናትም ተሸክሟል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወራሪው ተነቅሎ ሮም ተወሰደ፤ በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ በሮም አደባባይ ሰይፉን የመዘዘው ያንን አንበሳ ባየ ጊዜ ነው። አንበሳው ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አካባቢ ባቡር ከሃዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአሮጌ ባቡር ፍቅር ይህንንም ማስታወስ አለበት፤ ትዝታ ጣፋጩን ብቻ እየመረጠ ሲይዝ ሙታኑን ይበድላል።

በመንገደኛው ዘንድ ግን ባቡሩ ከሁሉም በላይ ገበያ ነበር። ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፤ በየጣቢያው ባቡሩ ሲቆም ሻጩ በመስኮቱ ሥር ይሰለፋል። የኤረር ብርቱካን ዝናው ድሬዳዋንም አዲስ አበባንም ያዳረሰው በባቡሩ መስኮት ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ጫትና አትክልት ይወርዳል፣ ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ ይወጣል። ግማሹ በቀረጥ፣ ግማሹ ደግሞ ፈታሽ እንዳያየው ከመቀመጫ ሥር። የድሬዳዋ እናቶች ስንት ልጅ በዚያ ንግድ እንዳስተማሩ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም።

ከዚህ ሁሉ መሀል እኔ ቆሜ ልዘገይበት የምፈልገው ቦታ የድሬዳዋው ጋራዥ ነው። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በመርከብ ወራት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ጋራዡ የሚያስፈልገውን ራሱ መሥራት ነበረበት። ብረት ቀልጦ የሚፈስበት ክፍል፣ የመንኮራኩር ጠርዝ የሚስተካከልባቸው ግዙፍ ቶርኖዎች፣ የእንጨት ሥራ፣ የብየዳና የቀለም ክፍሎች ነበሩት። መንኮራኩር በሃዲድ ላይ ሲሮጥ ጠርዙ ይበላል፤ የተበላው ጠርዝ ባቡሩን ከሃዲዱ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ጥንዱ መንኮራኩር ከነዘንጉ ወጥቶ ቶርኖ ላይ ይታሰርና ሁለቱም እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይላጋሉ። በአንዱና በሌላው መካከል የሚኖረው ልዩነት በዐይን የማይታይ ነው፤ የሚለየው በመለኪያና በልምድ ነው። የወዳጄ አባት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ የተደረገው ሽግግር፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የገቡት የፊያት ‹ሊቶሪናዎች›፣ ከጦርነቱ በኋላ ከስዊዘርላንድና ከፈረንሳይ የመጡት ሎኮሞቲቮች፣ ሁሉም በዚያ ጋራዥ እጅ አልፈዋል። የሦስት አገር ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ማዳን የቻለ ባለሙያ እንዲሁ የሚገኝ አይደለም።

ጅቡቲ ነጻ ከወጣች በኋላ ኩባንያው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። ሃዲዱ ግን አረጀ፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባው ጉዞ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። የአዲሱ መስመር ጥቅም አያከራክርም፤ የአገሪቱን የገቢና የወጪ ንግድ ሊሸከም የሚችለው እሱ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል። የአሮጌው ሃዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። አሮጌው ሎኮሞቲቭ አንድም ቀን እንኳ በአዲሱ ሃዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። የአሮጌው ሃዲድ ብረት በተነቀለ ቁጥር የአሮጌው ባቡር መሄጃ ለዘላለም ይዘጋል ማለት ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ፤ ለገሀር የባቡር መድረሻ ብቻ ሳይሆን የከተማ አውቶቡስ መነሻም ነበርና። መንገደኛ ከፉርጎ ወርዶ ሻንጣውን ተሸክሞ ጥቂት እንደተራመደ ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባውን አንበሳ አውቶቡስ ያገኛል። የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት የተጀመረው ከነጻነት ማግስት፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ጣልያኖች ጥለዋቸው በሄዱ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ነው። ከዚያ በአክሲዮን ኩባንያ እጅ ቆይቶ ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት ተወረሰ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት የተማሪው ድንጋይ ከወረደባቸው ነገሮች መካከል አውቶቡሶቹ ይገኙበታል። በኋላ ዘመን የኔዘርላንዱ ‹ዳፍ› ከተማዋን ሞላ፤ ቀጥሎም በቢሾፍቱ የተገጣጠሙት ተተኩ።

ስለ አንበሳ አውቶቡስ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ሰልፉና ስለ ግፊያው ነው። ከግፊያው በስተጀርባ ግን የራሱ ሥርዓት ነበረው። በኋላ በር ይገባል፤ ትኬት ቆራጩ በሩ አጠገብ ከፍ ባለ መቀመጫው ላይ ሳንቲሙን በመደዳ ደርድሮ ይጠብቃል፤ ትኬቱ ከጥራዙ ተቀዶ ይሰጣል፤ መንገደኛው እየተጠጋጋ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መውረጃው ሲደርስ በፊት በር ይወርዳል። ሳንቲሙ እጅ ለእጅ ተቀባብሎ ሲደርስ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ፣ ከመካከል የሚጎድል አልነበረም። ሕፃን የያዘች እናት ስትገባ ማንም ሳይጠየቅ ይነሣል። ተቆጣጣሪው ድንገት የገባ እንደሆነ ትኬቱን የጣለ ተማሪ ፊቱ ይቀላል፤ ከኪሱ፣ ከደብተሩ፣ ከጫማው ውስጥ ሳይቀር ይፈልጋል። እኔም በተማሪነቴ ያንን ፍለጋ አውቀዋለሁ። ትኬቱን ለካ ጥርሴ ይዞት ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው ለአሮጌ ተሽከርካሪ ፍቅር የለውም የሚል ካለ የቮልስዋገን ባለቤቶችን አላየም። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላውን ‹ቮልስ› ቀለም ቀብተው፣ ቆዳ አልብሰው፣ ተሰባስበው በአደባባይ የሚነዱ ሰዎች በከተማችን አሉ። ሰማያዊና ነጩን የድሮ ታክሲ፣ ሎንቺናውን፣ ‹ትሬንታ ኳትሮ› የተባለውን የጭነት መኪና ስም ሲሰሙ ፊታቸው የሚበራ ሽማግሌዎች በየሠፈሩ ሞልተዋል። ልዩነቱ ቮልስ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። አውቶቡስና ባቡር የሁሉም ናቸው፤ የሁሉም የሆነውን ደግሞ እኔ ላስቀምጠው የሚል አይገኝም። አገልግሎቱን የጨረሰ አውቶቡስ በጨረታ ይወጣል፤ ሞተሩ ለአንዱ፣ ብረቱ ለሌላው ይሆናል። ልጆቻችን ያንን ሳንቲም የሚደረደርበትን የትኬት ቆራጭ መቀመጫ የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው።

ከጎረቤት የሚታይ አንድ ምሳሌ አለ። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው የኤርትራ የባቡር መስመር በጣልያኖች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ የደረሰ ነው። በጦርነቱ ዘመን ሃዲዱ ተነቅሎ የምሽግ ድጋፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ መልሶ ለመሥራት ሲታሰብ የውጭ ኩባንያ የሚጠይቀው ዋጋ ከፍ ያለ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ የተጠሩት በጡረታ ላይ የነበሩ፣ አንዳንዶቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የቀድሞ ሠራተኞች ናቸው። የቀድሞዎቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችም ሊቶሪናዎችንም አንቀሳቀሱ፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና አስመራ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ የአሮጌ ባቡር ወዳጆች በቡድን እየመጡ ሙሉ ባቡር ይከራዩ፣ በየጠመዝማዛው እየወረዱም ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ያንን ሁሉ እንዲቻል ያደረገው የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ነው። ዐሥር ዓመት ዘግይተው ቢጠሩ ኖሮ ሎኮሞቲቩ ይኖር ይሆናል፤ የሚያስነሣው ግን አይገኝም ነበር።

የድሬዳዋ ጉዳይ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። የለገሀር ሕንፃ ዕድል የቀናው ይመስላል። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሀር የልማት ዕቅድ ታሪካዊውን ጣቢያ እንዲጠበቅ ያደርጋል ተብሏል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ለእንዲህ ያለው ሕንፃ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣል። ሕንፃ ጠባቂ ያገኛል፤ ይታያል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ባቡሩ ግን ሕንፃ አይደለም። ቆሞ የሚታይ ሎኮሞቲቭ ቅርፁን ብቻ ነው የሚነግረን። ቫልቩ በስንት ዙር እንደሚከፈት፣ ዳገቱ ላይ አሸዋ መቼ እንደሚረጭ፣ መንኮራኩሩ ሲላጋ የሚወጣው ቅርፊት ቀለሙ ምን መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ ዕድሜው ገፍቷል።

ታላቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር እያነሣሁ አይደለም። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችው ሽንሌ በአሮጌው መስመር ላይ የመጀመሪያዋ ጎረቤት ናት። ከከዚራ ጣቢያ እስከዚያ ድረስ ያለውን አጭር ሃዲድ ጠብቆ፣ አንድ ሎኮሞቲቭና ሁለት ፉርጎ አንቀሳቅሶ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጎብኚ ማመላለስ ይቻላል። ጋራዡን ለጎብኚ መክፈት ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ቶርኖዎቹ ከነመሠረታቸው የቆሙበት ቦታ ራሱ ሙዚየም ነው፤ አስጎብኚዎቹም በዚያው የሠሩ ሰዎች ቢሆኑ ማለፊያ ነበር። በአዲስ አበባም ከመጨረሻዎቹ ‹ዳፎች› መካከል አንዱን ከነትኬት ቆራጩ መቀመጫ መጠበቅ የአንድ ጋራዥ ጥግ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሽማግሌዎቹን ማነጋገርና ድምፃቸውን መቅረጽ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለ።

እርግጥ ነው፣ ተቃራኒውን የሚያነሡ አሉ። ሥራ አጥ በሞላበት፣ ትራንስፖርት እጥረት በሆነበት አገር አሮጌ ብረት ማቅለም ቅንጦት ነው ይላሉ። ክርክሩ ተራ አይደለም፤ በየማለዳው በፌርማታ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆም ሰው ከአሮጌ አውቶቡስ ይልቅ አዲስ አውቶቡስ ቢመጣለት ይመርጣል። ነገር ግን መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሆነ አዲሱን የጅቡቲ መስመር የሚያሽከረክሩና የሚጠግኑ ወጣቶች ከውጭ አሠልጣኝ በተማሩበት ሰዓት፣ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በድሬዳዋ የመቶ ዓመት የባቡር ጥገና ልምድ ያካበቱ አባቶች ቡና እየጠጡ ተቀምጠው ነበር። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ባቡር ማቆም ወይስ ራስን ችሎ ብረት መቅረጽ የሚለው ጥያቄ ለእነሱ አዲስ አልነበረም።

ወዳጄ በሚመጣው የዓመት ፈቃዱ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ትኬት ቆርጧል። የሚይዘው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ ጥሩ የድምፅ መቅረጫና ወፍራም ደብተር። አባቱን አስቀምጦ የቶርኖውን፣ የዘንጉን፣ የፍሬኑን ክፍሎች ስም አንድ በአንድ፣ በፈረንሳይኛም በአማርኛም ሊያጽፋቸው ነው። ባለፈው ዓርብ ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ ባቡሩ ሲገባና ሲወጣ ያለውን ድምፅ በስልኩ ቀርጾ ልኮላቸው ነበር። አባት ደጋግመው አዳመጡትና መልሰው ደወሉ። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ መንኮራኩሩን የሚያስተካክሉት የት ወስደው ነው የሚል። ሁለተኛው፣ ሾፌሩ ከሌለ ፊሽካውን ማን እንደሚነፋ።